«ይሸሻል»፦ አንድ የድሬዳዋ ወርክሾፕ የሲኤንሲ ማሽን የመረጠበት መንገድ

ሥራው የእህል ወፍጮ ዘንግ ነበር። ውፍረቱ 28 ሚሊሜትር። ፑሊው ዘንጉ ላይ እንዳይንሸራተት ኪይ የሚባል ትንሽ የብረት ቁራጭ ይገባበታል፣ ለኪዩ ደግሞ ቦይ መቆረጥ አለበት። ስፋቱ 8፣ ጥልቀቱ 4፣ ርዝመቱ 40 ሚሊሜትር። ወረቀት ላይ ሲታይ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

የአጎቴ ልጅ ዘንጉን አዲሱ ሲኤንሲዋ (በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቆርጥ ማሽን) ላይ በሞርሳ አሰረችው። ፕሮግራሙን ሁለቴ ፈተሸችና ጀመረች። ማሽኑ መጀመሪያ አፏጨ። ወደ ብረቱ ጠለቅ ሲል ፉጨቱ ጩኸት ሆነ። አጠገቡ የተቀመጠው የሻይ ብርጭቆ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ከሞተሩ በኩል «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ መጣና ማሽኑ ምንም እንዳልተፈጠረ መንገዱን ቀጠለ። ስክሪኑ ላይ ቁጥሮቹ በሰላም ይቆጥራሉ። ሲጨርስ ካሊብሮ አንስቼ ለካሁ። ቦዩ ከቦታው 1.4 ሚሊሜትር ስቷል። ጎኑ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኗል።

አጎቴ በሩ ላይ ቆመው ሁሉንም ሲያዩ ነበር። ገብተው ዘንጉን እንኳ አላነሱም። አውራ ጣታቸውን መቁረጫውን በሚያሽከረክረው ክፍል፣ በስፒንድሉ ላይ፣ አሳርፈው ገፋ አደረጉት።

«ይሸሻል» አሉ።

ልጃቸው ፊቷ ቀላ። «አባዬ፣ ፕሮግራሙ ትክክል ነው እኮ» አለች። ትክክል ነበር። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ትክክል ሆኖ ዘንጉ ተበላሽቷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምንት ወር የፈጀ ምርጫ ውስጥ ገባን። በትንሹ የሆቢ ማሽን እንቀጥል ወይስ ትልቁን የፋብሪካ ማሽን እንግዛ? ይህንኑ ጥያቄ ይዘው የሚጨነቁ ወርክሾፖች ብዙ እንደሆኑ አውቃለሁ። የስንት ዓመት ልፋት ያለበት ገንዘብ በአንድ የተሳሳተ ግዢ ሲቀልጥ ማየት ያመኛል። ስለዚህ ያየነውን ሁሉ፣ የተሳሳትነውንም ጭምር፣ እጽፋለሁ።

ወርክሾፑ

ወርክሾፑ ሳቢያን ውስጥ ነው። ሁለት ቶርኖ፣ አንድ አሮጌ ፍሬዛ (በሚሽከረከር መቁረጫ ብረት የሚቀርጽ የእጅ ማሽን)፣ መብሻ፣ ብየዳ። አጎቴ ሙያውን የለመዱት በልጅነታቸው የምድር ባቡር ወርክሾፕ ገብተው ነው። ድሬዳዋ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም ሲደርስ አብራ የተወለደች ከተማ ናት። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ከፈረንሳዮቹ የቀረ ነው። መለዋወጫ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ባቡር ቆሞ አይጠብቅም፤ ስለዚህ ብዙውን እዚሁ መሥራት ግድ ነበር። በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው ብረትን በጆሮውና በጣቱ ነው የሚያውቀው።

ልጃቸው በማኑፋክቸሪንግ ምህንድስና ተመርቃለች። ሥዕሉን ኮምፒውተር ላይ ትሠራለች፣ ማሽኑ የሚታዘዝበትን ጂ-ኮድ በእጇ ትጽፋለች። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ማየት ደስ ይላል። ሲከራከሩ ግን ሰፈሩ ይሰማል።

ደንበኞቻቸው ወፍጮ ቤቶች፣ የቡና መፈልፈያ ያላቸው ነጋዴዎች፣ ሳሙና አምራቾች፣ የውሃ ፓምፕ ጠጋኞችና የባጃጅ ጋራዦች ናቸው። ድሮ ሰው የሚያመጣው አንድ የተሰበረ ዕቃ ይዞ ነበር፤ «ይህንኑ አስመስላችሁ ሥሩልኝ» ይላል። አሁን «ሃያ አራት ተመሳሳይ እፈልጋለሁ» የሚል ደንበኛ መምጣት ጀምሯል። በእጅ ፍሬዛ ሃያ አራት ተመሳሳይ ዕቃ መሥራት ይቻላል። አሥራ አምስተኛው ላይ ግን ሰው ይደክመዋል፤ እጅም ይሳሳታል። የሲኤንሲ ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

ትንሿ ማሽን የቻለችው

ልጅቱ እቁብ ሲደርሳት 6040 የሚባለውን ዓይነት ገዛች። ቁጥሩ የመሥሪያ ስፋቱ ነው፦ 600 በ400 ሚሊሜትር። ከዚህም የሚያንሰው 3018 የሚባለው አለ፤ እሱ 30 በ18 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ለመለማመጃ ይሆናል። የ6040ው አካል አሉሚኒየም ነው። ስፒንድሉ 2.2 ኪሎዋት ነው፤ በውሃ ይቀዘቅዛል፤ በደቂቃ እስከ 24,000 ዙር ይሽከረከራል። የቤት መብራት ይበቃዋል። ሁለት ሰው ተሸክሞ ከባጃጅ ያወርደዋል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚገዛውም ለዚህ ነው።

አጎቴ «መጫወቻ» ብለው ነበር የተቀበሉት። እዚህ ላይ የተሳሳቱት እሳቸው ናቸው።

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ የሳሙና ማህተም ነበር። ሳሙናው ሲጠፈጠፍ ስሙ የሚታተምበት የነሐስ ሞልድ። ጽሑፉ በአማርኛ ነው፣ በግልባጭ። የፊደሎቻችንን ቅርጽ አስቡት፤ የ«ኘ» አናት፣ የ«ጭ» እግር፣ የ«ሾ» ቀለበት። እነዚህን ለመቆፈር 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት መቁረጫ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለች ቀጭን መቁረጫ በዝግታ ስትሽከረከር ትሰበራለች። ፍጥነት ትፈልጋለች። በ20,000 ዙር የጫፏ ፍጥነት በደቂቃ 63 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ለነሐስ ደህና ነው። ብዙዎቹ መደበኛ የፋብሪካ ማሽኖች 8,000 ዙር ላይ ይቆማሉ። በዚያ ፍጥነት ያቺው መቁረጫ 25 ሜትር ላይ ትቀራለች። ሥራው ይጓተታል፣ መቁረጫዋም አደጋ ላይ ነች።

የነሐሱ ማህተም ሲያልቅ አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው መስኮቱ ጋ ይዘውት ሄዱ። ብርሃን ላይ አዘንብለው አዩት። ጥፍራቸውን በፊደሎቹ ጠርዝ ላይ አስሄዱ። ምንም አላሉም። ማታ ግን ለጎረቤት አሳዩት።

ከዚያ በኋላ ማሽኗ ሥራ ፈታ አታውቅም። የሱቅ ስም ፊደሎች ከአክሪሊክ ትቆርጣለች። ለብረት ማቅለጫ የእንጨት ሞዴል ታወጣለች። ቀጭን አሉሚኒየምም በትንሽ በትንሹ ከተላጠ ያምርባታል። «የሆቢ ማሽን ገንዘብ አያመጣም» የሚል ሰው ካለ የእኛን የሳሙና ማህተሞች መጥቶ ይይ።

ለምን ሸሸች

ታዲያ ዘንጉ ላይ ምን ነካት? ሦስት ነገር ተደራረበ።

አንደኛው የስፒንድሉ ጉልበት ነው። 2.2 ኪሎዋት ሲባል ብዙ ይመስላል። ያ ጉልበት ግን የሚገኘው 24,000 ዙር ላይ ነው። ለጠንካራ ብረት 8 ሚሊሜትር ካርባይድ መቁረጫ የምትፈልገው ወደ 3,200 ዙር ነው። ዙሩ ሲቀነስ ኪሎዋቱም አብሮ ይወርዳል፤ 3,200 ላይ 0.3 ኪሎዋት እንኳ አይሞላም። የመጠምዘዝ ኃይሉ ሲሰላ 0.9 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። የፋብሪካ ማሽን 7.5 ኪሎዋቱን 1,500 ዙር ላይ ሲሰጥ ወደ 48 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። ልዩነቱ ከ50 እጥፍ በላይ ነው። ሻጩ የሚያወራው ኪሎዋት ነው። መጠየቅ ያለበት ግን «በስንት ዙር?» ነው። ልጅቱ ማሽኑ እንዳይቆምባት ዙሩን ወደ 8,000 ከፍ አድርጋው ነበር። ያኔ ደግሞ የመቁረጫው ጫፍ በደቂቃ 200 ሜትር እየሮጠ ብረቱ ላይ ተቃጠለ።

ሁለተኛው ሞተሮቹ ናቸው። ትንሿ ማሽን የምትንቀሳቀሰው በስቴፐር ሞተር ነው። ስቴፐር በደረጃ ይሄዳል፤ አንዱ ሙሉ ዙር 200 ደረጃ ነው። ኮንትሮለሩ «መቶ ደረጃ ሂድ» ይለዋል። መሄዱን ግን አይጠይቀውም። ብረቱ ጠንክሮ ሞተሩ ደረጃ ቢዘል ማንም አያውቅም። ያ «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚለው ድምፅ ይሄ ነበር። ስክሪኑ የሚያሳየው ማሽኑ መሆን የነበረበትን ቦታ ነው እንጂ ያለበትን አይደለም። የፋብሪካ ማሽን ሰርቮ አለው። ሰርቮ ያለበትን ቦታ እያነበበ ይመልሳል፤ ካቃተው አላርም ሰጥቶ ይቆማል። የሚቆም ማሽን ዕቃ ቢያበላሽ አንድ ነው። ሳያውቅ የሚቀጥል ማሽን ሃያ አራቱንም ያበላሻል።

ሦስተኛውና ትልቁ አጎቴ በአውራ ጣታቸው ያገኙት ነው።

በማግስቱ ዳያል ጌጅ አመጡ፤ ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ ነው። ማግኔቱን ጠረጴዛው ላይ ተከሉ፣ መርፌውን ስፒንድሉ ላይ አሳረፉ። «ግፊው» አሏት። በአንድ አውራ ጣት ገፋችው። መርፌው 0.2 ሚሊሜትር ሄደ። ለቀቀችው፣ ተመለሰ። ደግማ ገፋችው፣ ያው ነው። ከዚያ ጌጁን ነቅለው ወደ ጥጉ፣ ወደ አሮጌው ፍሬዛ ሄዱ። ከላዩ ላይ የላሜራ ቁርጥራጭና የሲሚንቶ ከረጢት አንስተን መርፌውን እንደዚያው አሳረፉ። «አሁን በትከሻሽ» አሏት። እግሯን መሬት ላይ ተክላ በትከሻዋ ገፋችው። መርፌው አንዲት መስመር እንኳ አልሞላም። አንዷ መስመር 0.01 ሚሊሜትር ናት።

ፍሬዛው ለዓመታት አቧራ ለብሶ የቆመ ነው። ሁላችንም ዝም አልን።

ብረት የሚቆርጥ መቁረጫ ማሽኑን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ማሽኑ ከሸሸ መቁረጫው መንሸራተት ይጀምራል፤ ከዚያ ተመልሶ ይነክሳል፤ እንደገና ይሸሻል። ይሄ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ነው ጩኸት የሚሆነው። ሰው ለትልቅ ማሽን ያን ያህል ገንዘብ የሚከፍለው ለኮምፒውተሩ አይደለም። ለዚያ ሁሉ ከባድ የብረት አካል ነው። ማሽን ልትገዙ ስትሄዱ ዳያል ጌጅ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ቅር ካለው ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

የድሬ ሙቀትም ድርሻ አለው። ግንቦት ላይ ጠዋት 22 ዲግሪ የነበረው ወርክሾፕ ከሰዓት 36 ይደርሳል። አሉሚኒየም በሙቀት የብረትን እጥፍ ያህል ይለጠጣል። 600 ሚሊሜትር የአሉሚኒየም መደብ በ14 ዲግሪ 0.19 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። በውስጡ ያለው የብረት ቦል ስክሩ (ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ጥምዝ ዘንግ) ግን 0.1 ብቻ ነው የሚረዝመው። ሁለቱ ይጓተታሉ። ለእንጨት ምንም አይደል። ለኩሽኔታ ቤት ግን ከበቂ በላይ ስህተት ነው። አጎቴ ድሮም ቢሆን ለከባድ ልኬት ጠዋትን ነበር የሚመርጡት። አሁን ምክንያቱን በቁጥር አወቅነው።

ወደ ትልቁ

ከዚህ በኋላ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ትልቁን መግዛት ነው፣ በቃ። አዲስ አበባ ሄደን አንድ ያገለገለ ማሽን አየን፤ 850 የሚባለው መደብ ነው። ጠረጴዛው 800 በ500 ሚሊሜትር ይጓዛል። መቁረጫ ራሱ ይቀያይራል። ክብደቱ 5 ቶን ገደማ ነው። ልጅቱ ዓይኗ በራ። እኔም ልቤ ደነገጠ፣ በደስታ።

ሻጩ «አንድ ቀን ብቻ ነው የቆመው» አለን። ሲያበራው ስክሪኑ በአላርም ተሞላ። ብዙ አሮጌ ኮንትሮሎች የማሽኑን ልዩ ልዩ መለኪያዎች የሚይዙት በባትሪ በሚኖር ሜሞሪ ላይ ነው። ማሽኑ ረጅም ጊዜ ከመብራት ተነጥሎ ባትሪው ካለቀ ያ ሁሉ ይጠፋል። መልሶ ለማስገባት የዚያው ማሽን የመለኪያ ወረቀት ወይም ኮፒ ያስፈልጋል። ወረቀቱን ጠየቅን፣ የለም። ያገለገለ ማሽን የምትገዙ ሰዎች ይህንን አትርሱ፦ ሲሠራ ሳታዩ፣ ብረት ሲቆርጥ ሳትሰሙ፣ የመለኪያ ወረቀቱን በእጃችሁ ሳታደርጉ ብር አትቁጠሩ።

ሌላ ደህና ማሽን ተገኘ። ያኔ እኔ ወረቀትና እስኪሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። የማሽኑ ዋጋ አንድ መስመር ብቻ ሆኖ ቀረ። ከሥሩ የተሰለፈው ግን ብዙ ነው። መጫኛና ክሬን። 5 ቶን የሚሸከም ወፍራም የኮንክሪት ወለል፤ የእኛ ወለል ቶርኖዎቹን ቢችልም ይህንን አይችልም። ከቶርኖዎቹ መስመር የበለጠ አቅም ያለው ሦስት ፌዝ። ስታብላይዘር። ለመቁረጫ መቀየሪያው 6 ባር የሚሰጥ ኮምፕረሰር። መቁረጫ መያዣዎቹ እያንዳንዳቸው ለብቻ ይገዛሉ፤ ሃያ አራት ቦታ ያለው ማሽን በሦስት መያዣ ብቻ ሲሠራ ያሳዝናል። ይህ ሁሉ ደግሞ ከውጭ ነው የሚመጣው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ወዲህ የዶላር ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን፣ ትናንት የተሰላ ሒሳብ ዛሬ ይለወጣል።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያነሳውም። የኤሌክትሪክ ሞተርና ድራይቭ አቅም በተለምዶ የሚጻፈው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 1,000 ሜትርና እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ታስቦ ነው። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በዚያ ላይ የተዘጋ የኤሌክትሪክ ሳጥን ውስጥ በከሰዓት ፀሐይ 40 ዲግሪ ማለፍ ምንም አይደለም። ስለዚህ ሳጥኑ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ ፊልተሩም ቶሎ ቶሎ መጠረግ አለበት። የደቻቱ አሸዋ ነፋስ ሲነሳ የት የት እንደሚገባ ድሬ የኖረ ያውቀዋል።

ይህም ሁሉ ሆኖ ሊያዋጣ ይችላል። የካፒታል ዕቃ ሊዝ የሚሰጡ፣ ማለትም ማሽኑን ገዝተው በየጊዜው እየተከፈላቸው የሚያከራዩ ተቋማት አሉ። ማሽኑ ራሱ ዋስትና ስለሆነ ቤት ማስያዝ የማይችል ወጣት በዚህ መንገድ መግዛት ይችላል። ጥያቄው ማሽኑ በቀን ስንት ሰዓት ይሠራል የሚለው ነው። ይህንን ማናችንም አናውቅም ነበር።

ደብተሩ

«ሦስት ወር ስጡኝ» አለች ልጅቱ። ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር ገዛች። በበሩ የገባ ማንኛውም የፍሬዛ ሥራ ይመዘገባል፦ ብረቱ ምን ዓይነት ነው፣ መጠኑ ስንት ነው፣ ስንት ሚሊሜትር ስህተት ይፈቀዳል፣ ስንት ሰዓት ፈጀ ወይም ይፈጃል። «አንችልም» ተብሎ የተመለሰ ሥራም ጭምር።

እኔ ከዚህ ሁሉ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ ለሰው ንገር ብባል ይህንን ደብተር ነው የምናገረው።

በሦስት ወሩ 61 ሥራ ተመዘገበ። 38ቱ ብረትና ብረት ቀመስ ናቸው፤ የኪይ ቦይ፣ የፓምፕ ፍላንጅ፣ ባለ ጥርስ ማርሽ፣ የመፈልፈያ ሰሌዳ። 14ቱ ነሐስና አሉሚኒየም። 9ኙ እንጨትና ፕላስቲክ። ስለዚህ ትንሿ ማሽን ሃያ ሦስቱን ትችላለች፣ የሚበዛውን ግን አትችልም። እስከዚህ ድረስ ትልቁ ማሽን ያሸነፈ ይመስላል።

ሰዓቱን ስንደምር ግን ሌላ ነገር ወጣ። የብረት ሥራዎቹ ተደምረው በአማካይ በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞሉም። ከ38ቱ 31ዱ ደግሞ ከ30 ሴንቲሜትር የማይበልጡ ናቸው። 5 ቶን ማሽን በቀን ለሁለት ሰዓት ተኩል! የቀረውን ጊዜ ቆሞ የሊዙን ወለድ ብቻ ይቆጥራል።

አጎቴ ቁጥሮቹን በጸጥታ ሰሙ። ከዚያ ወደ ጥጉ አዩ። «ያ የማይሸሸው አለ አይደል?» አሉ።

አሮጌው ፍሬዛ

አሮጌው ፍሬዛ ጉልበቱ ሙሉ ነው። 3 ኪሎዋት ሞተሩ በካምቢዮ ወደ 800 ዙር ሲወርድ 36 ኒውተን ሜትር ያህል ይሰጣል። የጎደለው ሁለት ነገር ነው። ተንሸራታቹ፣ ማለትም ጠረጴዛው የሚንሸራተትበት ገጽ፣ ተበልቷል፤ የጠረጴዛው ስክሩም ፕሌይ አለው፣ ይላላል። ስክሩ ይቀየራል። የተበላ ተንሸራታች ግን ብዙ ሰው ማሽኑን የሚጥልበት ምክንያት ነው።

አጎቴ ያንን የሚመልስ ሙያ አላቸው። ከባቡር ወርክሾፕ ያመጡት ነው።

ጠረጴዛውን በሰንሰለት ብሎክ አወረድነው። ቀጥ ማለቱ የተረጋገጠ ከባድ የብረት ሰሌዳ ላይ ሰማያዊ ቀለም በጣታቸው ቀቡ፤ በጣም ስስ፣ እንደ ቅባት። ሰሌዳውን ተንሸራታቹ ላይ አሳርፈው አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ። ሲያነሱት ሰማያዊው ከፍ ያሉት ቦታዎች ላይ ብቻ ቀርቷል። እነዚያን ነጠብጣቦች በመፋቂያ ይፍቁ ጀመር። መፋቂያው ጠፍጣፋ ሞረድ ይመስላል፤ ጫፉ እንደ ምላጭ የተሳለ ነው። ዳሌያቸው ላይ አስደግፈው በሰውነታቸው ይገፉታል። በአንድ ግፊት የሚነሳው ብረት ከወረቀት ይሳሳል። ጠረጉ። እንደገና ቀለም። እንደገና ሰሌዳ። መጀመሪያ ሰማያዊው ሦስት አራት ቦታ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ተንሸራታቹ በሙሉ እንደ ነብር ቆዳ ነጠብጣብ ሆነ። ልጅቱ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ መፋቂያውን ከእጃቸው ወስዳ ነበር። «ቀስ በይ፣ እናቴ፣ ብረት አይቸኩልም» ይሏታል።

ከዚያ የእሷ ተራ መጣ። ሲ7 ደረጃ ያለው ቦል ስክሩ አስመጣች፤ በ300 ሚሊሜትር ጉዞ ስህተቱ ከ0.05 አይበልጥም። የተረፈውንም ለክታ በሶፍትዌር ታርመዋለች። ሦስት ሰርቮ ሞተር ተገጠመ፣ እያንዳንዱ 750 ዋት። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፤ በላዩ ላይ በነጻ የሚገኘው ሊነክስ ሲኤንሲ የሚባል የማሽን መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ተጭኗል። ወደ ላይና ወደ ታች ለሚሄደው ክፍል ፍሬን ያለው ሞተር መረጠች። ይህንን የሚዘነጉ አሉ። ቦል ስክሩ እንደ ድሮው ስክሩ ራሱን አይዝም። መብራት ድንገት ሲጠፋ ያ ሁሉ ክብደት በራሱ ይወርዳል፣ ከሥሩ የሰው እጅ ሊኖር ይችላል። ለኮምፒውተሩም ዩፒኤስ አለው፤ መብራት ቢጠፋ ማሽኑ የቆመበትን ቦታ አይረሳም።

ደንበኛው ያዘዛቸው ሃያ አራት የወፍጮ ዘንጎች የተሠሩት በዚህ ማሽን ላይ ነው። የቦዮቹ ልዩነት ከ0.02 ሚሊሜትር አልበለጠም። ድምፁ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ነበር። ብርጭቆው አልተንቀጠቀጠም።

ጉድለቱን ልደብቅ አልፈልግም። ዝግተኛ ነው፤ ባዶውን ሲሄድ በደቂቃ 3 ሜትር ብቻ ነው። መቁረጫ በእጅ ይቀየራል። መከለያ ስለሌለው የብረት ፍቅፋቂውና ማቀዝቀዣው ውሃ በየቦታው ይረጫል፤ አንድ ልጅ ሁልጊዜ በመጥረጊያ ይከተለዋል። ሥራውም አራት ወር ፈጅቷል፤ በአራት ወር የስንት ደንበኛ ሥራ አለፈን። መፋቅ የሚችል እጅ ባይኖረን ደግሞ ይህንን መንገድ ለማንም አልመክርም። ያኔ ትንሽ መጠን ያለው፣ ሲቆርጥ የታየ፣ ያገለገለ የፋብሪካ ማሽን ይሻላል። ሥራው ጽሑፍ፣ እንጨትና አክሪሊክ ብቻ የሆነ ሰው ደግሞ በ6040 ደስ ብሎት ይኖራል። የእኛዋም አልተሸጠችም። ፍሬዛው ዘንግ ሲቆርጥ እሷ ጎኑ ቆማ የሳሙና ማህተም ትቀርጻለች።

ልጅቱ ሁለተኛ ደብተር ጀምራለች። ባለፈው ወር የብረት ሥራው በቀን አራት ሰዓት ከሩብ ደርሷል። ስድስት ሲሞላ ስለ ትልቁ ማሽን እንደገና እንነጋገራለን ተባብለናል። አጎቴ ግን ከወዲሁ ሜትር ይዘው የግቢውን በር ለክተዋል። 2 ሜትር ከ20 ነው፣ ለ850ው ይጠባል። የግንበኛውን ስልክ ስጠኝ ብለው ትናንት ማታ ደወሉልኝ።